ባንዱ ተመልሶ ሲሰባሰብ ሆዳችን ለምን ይባባል?

ኦኤሲስ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በ2009 ፓሪስ ላይ ተበተነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወንድማማቾቹ ኖኤል እና ሊያም ጋላገር መድረክ ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው ተጣሉ። ዝግጅቱ ተሰረዘ፣ ኖኤል ባንዱን ጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመታት ሲዘላለፉ ኖሩ። በ2024 ነሐሴ ላይ ግን “እንመለሳለን” አሉ። በ2025 ክረምት ካርዲፍ ላይ አብረው መድረክ ወጡ።

ያን ሰሞን እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ቪዲዮውን በስልክ የሚቀባበሉ ወጣቶች አይቻለሁ። አብዛኞቹ ባንዱ ሲበተን ገና ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ነበሩ። ከዘፈኖቹም አንዱን ወይ ሁለቱን ቢያውቁ ነው። ደጋግመው የሚያዩት ሁለቱ ወንድማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው የወጡባትን ቅጽበት ነበር። ዘፈኑ ሲጀምር ወደኋላ ይመልሱታል፤ እንደገና ያቺኑ ያያሉ።

ነገሩ ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ይመስለኛል። ዘፈኑማ የትም አልሄደም። በየስልካችን አለ፣ በነፃ እንሰማዋለን። ታዲያ ሰው የወር ደሞዙን አውጥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ ያረጁ ሰዎች በደከመ ድምፅ ሲዘፍኑት ለመስማት ለምን ይሄዳል?

መሄዱን ይሄዳል። ገንዝ ኤንድ ሮዝስ የቀድሞ አባላቱን መልሶ በ2016 የጀመረው ዙር ከ580 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሌድ ዜፕሊን በታኅሣሥ 2007 ለንደን ላይ ለአንድ ምሽት ብቻ ሲመለስ ከ20 ሚሊዮን በላይ የትኬት ጥያቄ እንደቀረበ ተዘግቧል። አዳራሹ የሚይዘው 20 ሺህ ሰው ገደማ ነው። ኢግልስ በ1980 ተበትኖ በ1994 ሲመለስ፣ የባንዱ ዘፋኝ ግሌን ፍራይ “ተበትነን አናውቅም፤ የ14 ዓመት ዕረፍት ወስደን ነው” ብሎ ነበር ለሕዝቡ የነገረው። ሕዝቡም ለሮክ ኮንሰርት ያኔ ያልተለመደ ዋጋ ከፍሎ ገባ።

የንግዱ በኩል ግልጽ ነው። ካሴትና ሲዲ ሞቷል። ኢንተርኔት ላይ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ሲደመጥ ለሙዚቀኛው የሚደርሰው የሳንቲም ሽራፊ ነው። የቀረው ገንዘብ መድረክ ላይ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ ከአዲስ ስም ይልቅ የናፈቀ ስም ይሸጣል። የኦኤሲስ ትኬት ሽያጭ ጊዜ የሆነው ሰውን በጣም አስቆጥቷል። በ148 ፓውንድ ገደማ ይሸጣል የተባለው የቁም ቦታ፣ ሰው ኮምፒውተር ላይ ለሰዓታት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ 355 ፓውንድ ሆኖ ጠበቀው። የእንግሊዝ የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምርመራ እስከመክፈት ደረሰ። ግን ስንቱ ተናዶ፣ ተሳድቦ፣ ከዚያ ከፈለ! ናፍቆት የያዘው ሰው ዋጋ አይከራከርም። ነጋዴውም ይህን ያውቃል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚከፈለው ገንዘብ ከሰው በጣም ለስላሳ ቦታ ላይ የሚወሰድ ነው።

ያ ለስላሳ ቦታ የት እንደሚገኝ የጠየቁ ሰዎች አሉ። ሆልብሩክ እና ሺንድለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1989 ባወጡት ጥናት፣ ከ16 እስከ 86 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 108 ሰዎች የተለያየ ዘመን ዘፈን አሰምተው የትኛውን እንደሚወዱ ጠየቁ። ሰዎቹ አብልጠው የወደዱት እነሱ 23 ወይም 24 ዓመት ገደማ ሳሉ የወጣውን ሆነ። ሌሎች ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ደሞዝ፣ ከእናት ቤት የወጡበት ቀን፣ ሁሉም እዚያ ዕድሜ አካባቢ ይከማቻሉ። ያኔ ጆሮ ላይ የነበረው ዘፈን አብሯቸው ይቀመጣል።

ጎንደር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የጤና ኮሌጁ ከተከፈተበት ከ1954 ጀምሮ ከየክፍለ ሀገሩ ወጣት ሲመጣባት የኖረች ከተማ ናት። ኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሰፋ። ስለዚህ ጎንደርን ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያያት ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር በየአገሩ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ለጥምቀት ሲመጣ አስተውሉት። የፋሲልን ግንብ አንዴ አየት አድርጎ ያልፋል። ፒያሳ ላይ ድሮ ካሴት የሚገዛበት ሱቅ የነበረበት በር ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል። አሁን እዚያ የሚሸጠው የስልክ ቀፎ ነው። እሱ ግን ይቆማል። የማንን ካሴት፣ በየትኛው ዓመት፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደገዛ ይነግራችኋል። ካልተጠነቀቃችሁ ዘፈኑንም ያዜምላችኋል።

ዕድሜ ብቻውን ግን ነገሩን አይጨርሰውም። የወጣትነታችን ዘፋኝ ብቻውን ቢዘፍንልን እንደሰታለን፤ ባንዱ ሲሰባሰብ ግን እናለቅሳለን። ልዩነቱ ከየት መጣ? ባንድ ማለት ጓደኝነት ነው። ጓደኛሞቹ ሲጣሉ አድማጩም የሆነ ነገር ይጎድልበታል። እያንዳንዳችን የተኳረፍነው ወንድም፣ ስልኩን ያላነሳንለት አብሮ አደግ አለን። ሁለት ሽማግሌ ሮከሮች በአንድ ማይክ ሲዘፍኑ ስናይ የምናስበው ያንን ሰው ነው። ቢትልስ በ1970 ተለያይተው ጆን ሌነን በ1980 ሲገደል በዓለም ዙሪያ የተለቀሰው ለአንድ ሙዚቀኛ ሞት ብቻ አልነበረም። መታረቂያው በር መዘጋቱም ነበር።

ይህን ሐሳቤን የሚፈትን አንድ ነገር አለ። የስዊድኑ ባንድ አባ (ABBA) ከ2022 ጀምሮ ለንደን ላይ አባላቱ ራሳቸው ሳይቆሙበት ኮንሰርት ያሳያል። በእነሱ ቦታ መድረኩ ላይ የሚታዩት በኮምፒውተር የተሠሩ የ1979 መልኮቻቸው ናቸው። ዘፋኞቹ ቤታቸው ነው ያሉት። ሰዉ ግን እያለቀሰ ይወጣል። መጀመሪያ ስሰማ ግራ ገብቶኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ተመልካቹም ለካ ሲሰባሰብ ነው። አብረው የጨፈሩ ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ ተለያይተው የነበሩ ጓደኛሞች እዚያ አዳራሽ ይገናኛሉ። ባንዱ ለመገናኘታቸው ሰበብ ይሆናል። ጥምቀት ለጎንደር ተወላጅ እንደሚሆነው ማለት ነው። ታቦቱን ብሎ ይመጣል፤ ቃና ዘገሊላ እስኪያልቅ ግን ስንቱን ዘመድና የሰፈር ልጅ አግኝቶ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ ራሳችን ባንዶች ልምጣ፤ ሆዴን የሚበላኝም ይኼው ነው።

ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ከጎንደር በደባርቅ አድርገው ነው የሚደርሱበት። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ስሙን ያነሳው ዋልያስ ባንድም እንደዚያው ብቻውን የቆመ ነበር። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት። ቤታቸው ሂልተን ሆቴል ነበር። ደርግ ሰዓት እላፊ አውጆ ስለነበር ምሽት የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። በ1977 የወጣው “ቸ በለው” ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ነው። ከባንዱ ጋር ይሠራ የነበረው ግርማ በየነ የደረሰው “ሙዚቃዊ ስልት” ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባንዶች የሚጫወቱት ሆኗል።

በ1981 ባንዱ ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄደ። ዝግጅቱ ሲያልቅ አራቱ፣ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ፣ እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ተመለሱ። አለቀ። ጠብ የለም፣ በጋዜጣ መዘላለፍ የለም። ማን ይፈርድባቸዋል? አገሪቱ ያኔ የነበረችበትን ሁኔታ የሚያውቅ አይፈርድም።

የእኛ ናፍቆት ከእነሱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የኦኤሲስ ልጆች ሽምግልና ቢላክ ይታረቁ ነበር፤ ታረቁም። የእኛን ባንዶች የበተናቸው አብዮት፣ ስደትና የኑሮ ነገር ነው። እነዚህን ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ አይቻልም። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ፖርታ ባጋልዮ ኪቦርዱን አውጥቶ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ሌላው ባለታክሲ ተኝቶ ወይ እያወራ ይጠብቃል፣ እሱ ጣቶቹ እንዳይረሱ ይጫወታል። በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ የ1985 ካሴቱን እንደገና አወጣለት። ከዚያ በኋላ ነው የዓለም መድረክ እንደገና የተከፈተለት። ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ አገሩ ገባ፤ በ2017 ከአንድ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ሁለቱም ተመለሱ፤ የተመለሱት ግን በየፊናቸው፣ ከእነሱ በብዙ ዓመት ከሚያንሱ የውጭ አገር ሙዚቀኞች ጋር ነው።

በ2015 ክረምት (በእኛ አቆጣጠር) ክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ጎንደርም ሰዓት እላፊ ገባች። የስልክ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ጠፋ። ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ሰው ወደ ሙዚቃ ቤት ተመለሰ፤ ሜሞሪና ፍላሽ ይዞ ዘፈን ማስጫን ጀመረ። ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደሮቹ ተደርድረዋል፦ “ሠርግ”፣ “እስክስታ”፣ “ጎጃም”፣ “የድሮ ምርጥ”። “የድሮ ምርጥ” ሲከፈት መሐሙድ አለ፣ ጥላሁን አለ፣ ዓለማየሁ እሸቴ አለ። የሚያስጭኑት ደግሞ ሽማግሌዎች ብቻ አልነበሩም። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭምር “የድሮውን በሙሉ ጫንልኝ” ይላል። በሰዓት እላፊ ዘመን የተጫወቱትን ሙዚቃ በሰዓት እላፊ ዘመን ያለ ወጣት ማታ በሩን ዘግቶ ይሰማው ነበር። ይህን ሳስብ እንዲያው ልቤ ይነካል።

ያ ልጅ ግን ያልኖረበትን ዘመን ለምን ይናፍቃል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “የድሮ ዘፈን ግጥም ነበረው” የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። የእኔ ግምት ግን ሌላ ነው። ልጁ የሚሰማው ብዙ ሰው አብሮ ሲጫወት ነው። ሦስት አራት ሰው የሚነፋው ትራምፔትና ሳክስፎን፣ እውነተኛ ድራም፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚሸፍነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ሠርግ ሂዱ። አንድ ልጅ ከአንድ ኪቦርድ ኋላ ተቀምጧል። ድራሙን ማሽኑ ይመታል፣ ቤዙን ማሽኑ፣ ትራምፔቱንም ማሽኑ ይነፋል። ልጁን አልወቅስም፤ ጎበዝ ነው፣ እንጀራውም ነው። ስምንት ሰው የሚቀጥር ሠርገኛ ደግሞ ከየት ይመጣል? ሙዚቃው ግን የአንድ ሰው ሆነ። ጆሮ ይህን ያውቃል፤ ባለቤቱ ምክንያቱን ባያውቀውም።

እዚህ ላይ “የጎንደር ሙዚቃ ድሮስ የአዝማሪ አይደል?” የሚለኝ ይኖራል። ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቡርቧክስ የአዝማሪ መንደር በመሆን የታወቀ ነው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ባል ማሲንቆ፣ ሚስት ድምፅና እስክስታ። አዝማሪ ግን የሚናፍቀው መሰባሰብ የለም፤ ምክንያቱም አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይዘፍነውም። እንግዳው “ተቀበል!” ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ ያዜማል፣ ነገ ሌላ ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ “ልክ እንደ ባለፈው አድርገህ ዝፈነው” የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባንድ ግን ሸክላና ካሴት ላይ ተቀርጾ ቀረ። የሊድ ጊታሩ የት ጋ እንደሚገባ፣ ሳክሱ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው በቃሉ ይዞታል። ያንኑ በዚያው እጅ ሲጫወት ማየት ይፈልጋል። የባንድ ናፍቆት የተወለደው ከካሴት ጋር ነው።

ካሴት ካልን አንድ ነገር ልጨምር። ሽፋኑን ያዙና ተመልከቱት። የዘፋኙ ፎቶ ሙሉውን ገጽ ይዞታል። ከኋላ በኩል ታች፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልጋት ፊደል “አጃቢ፦ ሮሃ ባንድ” ይላል። በቃ። ጊታሩን ማን መታ፣ ድራሙ ላይ ማን ነበር፣ አይልም። ሮሃ ቀድሞ አይቤክስ ይባል የነበረው ነው። መሐሙድ አሕመድ በ1975 ላወጣው “እረ መላ መላ” ያጀበው አይቤክስ ነበር። በ1980ዎቹ ከሰማናቸው ካሴቶች የብዙዎቹ ድምፅ የእነሱ ነው። ሰው ግን ዘፋኙን ብቻ ነው የሚያውቀው። እንግሊዞቹ የኦኤሲስን ድራመር ስም ያውቃሉ። እኛ የሠርጋችንን፣ የፍቅራችንን፣ የለቅሷችንን ዘፈን የተጫወቱልንን ሰዎች ስም አናውቅም። ስሙ የማይታወቅ ባንድ እንዴት ብሎ ነው የሚመለሰው? ማን ብሎ ይጠራዋል?

ሮክ ለሚወዱ ወጣቶች ደግሞ ጃኖ ባንድ አለ። ኤሌክትሪክ ጊታሩን ከሀገራችን ቅኝት ጋር አጋጭተው በ2012 “ኤርታሌ”ን ሲያወጡ፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር ፕሮዲውሰሩ። በስማቸው የለበሱትን ጃኖ፣ ባለ ቀይ ጥለቱን፣ ጎንደሬ በደንብ ያውቀዋል። ያኔ 17 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የእሱም የናፍቆት ሰዓት መቁጠር ጀምሯል። ከአሥር ዓመት በኋላ “ያ የጃኖ ጊዜ” እያለ የሚያወራው እሱ ነው። ይህን ትውልድ እንደ መጀመሪያው አናድርገው። የባንዱ አባላት ስም፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ቪዲዮው፣ ፎቶው ከአሁኑ ይቀመጥ።

ምክንያቱም ጊዜው ይቀድማል። ብላክ ሳባዝ በ2025 ክረምት አራቱም የመጀመሪያ አባላት ተገኝተው በትውልድ ከተማቸው በርሚንግሃም የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። ኦዚ ኦዝቦርን መቆም አቅቶት ዙፋን መሰል ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የዘፈነው። ከ17 ቀን በኋላ አረፈ። እኛም ዓለማየሁ እሸቴን በ2021 ቀበርን። መሐሙድ አሕመድ ግን በጥር 2025 አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ ቆሞ በክብር ተሰናበተ። ያን ምሽት ያየ ሰው የሚገባው እንደተደረገለት ይመሰክራል። ለጊታሪስቶቹ፣ ለነፊዎቹ፣ ለድራመሮቹስ? ስንቶቹ በሕይወት አሉ? የት ናቸው?

በሕጉ በኩልም ሰዓቱ እየሄደ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) ለከዋኞች የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። ከዋኝ ማለት ዘፋኙም፣ ተጫዋቹም ነው። በ1970ዎቹ የተቀዱት ሥራዎች ደግሞ አንድ በአንድ 50 ዓመት እየሞላቸው ነው። ዩቲዩብ ላይ እነዚያን ዘፈኖች ሌላ ሰው ጭኖ ገቢ ሲሰበስብባቸው እያየን ነው። የተጫወተው ሰው ስሙም የለ፣ ድርሻውም የለ።

ጎንደር የራሷም ሥራ አላት። በደርግ ዘመን ወሎ ላሊበላ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ጎንደር ደግሞ ፋሲለደስ የኪነት ቡድን ነበራት። በዚያ ቡድን ከበሮ የመቱ፣ ጊታር የያዙ፣ እስክስታ የወረዱ ሰዎች ዛሬ ጡረተኞች ናቸው። አንዳንዶቹ በየሰፈራችን አሉ። ዩኒቨርሲቲው መቅረጸ ድምፅ የያዘ ተማሪ ቢልክላቸው፣ የጥምቀት ሰሞን ኮንሰርት አዘጋጆች ከአዲስ አበባ ከሚያመጡት ዘፋኝ በፊት ለግማሽ ሰዓት መድረኩን ቢሰጧቸው፣ ከባድ ነገር አይደለም። እናንተም ቤት ውስጥ የቆየ ካሴት ካለ ሽፋኑን ሁለቱንም ገጽ በስልክ አንሱት። በቡድኑ የነበረ ዘመድ ወይ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ፎቶውን አሳዩትና ከኋላ የቆሙት እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ስማቸውን ጠይቁት፤ ከነመሣሪያቸው ጻፉት።